«አንዱ ይበቃሃል» ያሉት ልብስ ሰፊ

የሱሪዬ ዚፕ ባይበጠስ ኖሮ ይህን ታሪክ አልሰማውም ነበር።

ከትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ወላጆች ስብሰባ ስጣደፍ ዚፑ መንገድ ላይ ጉድ አደረገኝ። ወላጅ ሁሉ ፊት ቆሞ ስለ ሥርዓት የሚናገር መምህር በዚያ ሁኔታ ምን እንደሚመስል አንባቢ ራሱ ይገምት። ቦርሳዬን ከፊቴ እንደ ጋሻ ይዤ ዙሪያዬን ስቃኝ፣ ከዓመታት በፊት ኮት ያሰፋሁበት የሁለት ወንድማማቾች ሱቅ ከመንገዱ ማዶ ታየኝ። ዕድሌን እያመሰገንሁ ተሻግሬ ገባሁ።

ታላቅየውን ወንድም ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ መቀስ» እያለ ነው የሚጠራቸው። በእጃቸው ካለው መቀስ ይልቅ ምላሳቸው ስለሚቆርጥ ነው ይባላል። እንዳዩኝ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱና፣

«መምህር፣ ቦርሳውን እንዲህ ያቀፉት ወርቅ ተሸክመው ነው?» አሉኝ።

ጉዳዬን ጠጋ ብዬ ነገርኋቸው። ሳቃቸውን ሊውጡት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። መጋረጃ ወደተጋረደው የልብስ መለኪያ ጥግ አስገብተው ሱሪዬን ተቀበሉኝ፤ በምትኩ ያላለቀ የሴት ጉርድ ቀሚስ አቀበሉኝ። «ይችን አገልድመው ትንሽ ይታገሡኝ» አሉ። እንግዲህ እኔ ቀሚስ ያገለደምሁ እስረኛ ሆንሁ፤ በዚያች ሱቅ የሚባለውን ሁሉ ወደድሁም ጠላሁም መስማት ግድ ሆነብኝ።

ወደ መጋረጃው ከመግባቴ በፊት ግን ሁለት ነገር አስተውዬ ነበር። የታናሽ ወንድማቸው የስፌት መኪና በአንሶላ ተሸፍኗል። ጋሽ መቀስ ደግሞ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ጫማቸውን ተረከዙን ረግጠው ነው የሚሄዱት።

«ታናሽ ወንድምዎ ደኅና ናቸው?» ስል ከውስጥ ጠየቅሁ።

«አሞታል» አሉ ባጭሩ፤ ዚፑን መፍታት ጀመሩ።

ወዲያው በሩ በኃይል ተከፈተና የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ገባ።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው እንዲህ አለከለከሽ? አባትሽስ?»

«ከሕክምናው እየመለስኩት ነው፤ እጁን የሚያሠሩት ቦታ ነበርን። እሱ ቀስ እያለ ይመጣል። እኔ ግን እርስዎን ብቻዎን ላገኝዎት ፈልጌ ቀደምኩት።»

በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋት። የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት፤ ፋርማሲስት ናት፤ ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ እንደጣለች ነው። ቁጣዋ ከፊቷ ይነበብ ነበር፤ ሰላምታዋ ግን ከሥርዓቱ አልወጣም። አክብራ መቆጣትን የምታውቅ ልጅ ናት አልሁ በልቤ።

«እትዬ እንደነገሩኝ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን አዲሱን የደም ግፊት መድኃኒት አልጀመሩም።»

«ሚስቴ እንደሆነች ወሬ አትቋጥርም።»

«እውነት ነው ውሸት?»

«እውነት ነው። አልጀመርኩም፤ አልጀምርምም። እኔ አንዲቷን ኪኒን ይዤ ይኸው ስንት ዓመት ኖሬያለሁ። አንዷ ትበቃኛለች።»

ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ይች ቃል ከእርስዎ አፍ ስትወጣ ሁለተኛዋ ነው» አለች። «መጀመሪያ ለአባዬ ነበር ያሏት። ሁለት መድኃኒት ታዞለት፣ ሁለቱንም ሳያጓድል እየዋጠ፣ ግፊቱ ወርዶ ሳለ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ አድርገው ‹ምን ሁለት ሁለት ያስውጥሃል፣ እንደ ሟች! እኔ ታላቅህ በአንድ እየኖርኩ፣ አንዱ ይበቃሃል› አሉት። እሱም ከእርስዎ ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ አንዱን ተወ። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። የሰማሁት ስትሮክ መቶት አልጋ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው።»

የመቀሱ ድምፅ ቆመ። እኔም መጋረጃዬን ጨብጬ ቀረሁ።

ንዴቴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ደግሞም በጋሽ መቀስ ብቻ አልተናደድሁም። በየቤቱ፣ በየሱቁ፣ በየሥራ ቦታው ያለ ምንም ዕውቀት መድኃኒት የሚያዝና የሚከለክል ስንት ሰው አለ! የመኪና ሞተር ሲበላሽ «አላውቅበትም፣ መካኒክ ይየው» የምንል ሰዎች፣ የሰው ልብና ኩላሊት ላይ ሲሆን ሁላችንም ባለሙያ ነን። ወንድም ወንድሙን፣ እናት ልጇን እየወደደች ነው «ተወው፣ ይቅርብህ» የምትለው። ፍቅር ሆኖ ስለሚመጣ ደግሞ ማን ይከላከለዋል?

ጋሽ መቀስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እኔ ሐኪም ነኝ አላልኩም። እንደ ታላቅ መከርኩት። መድኃኒት ሲበዛ መርዝ መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። አንድ የሚውጥ ሰው ትንሽ ታሟል፤ ሁለት የሚውጥ ብዙ ታሟል። ሦስት የሚውጠውማ ኑዛዜ ይጻፍ።»

«ጋሼ፣ የበሽታው ክብደት በኪኒን ቁጥር የሚለካ ከሆነ፣ የእርስዎ ግፊት ያቺን አንዷን እየዋጡ ለምን አልወረደም?»

«ማን አልወረደም አለሽ?»

«ሐኪሙ ነዋ! በየጊዜው የአንዷን መጠን ሲጨምርልዎት፣ ሲጨምርልዎት መጨረሻ ላይ ደርሷል። ከዚያ በላይ አይጨመርም። እርስዎ ‹አንድ ናት› ይላሉ እንጂ ከጀመሩበት መጠን እጥፍ ድርብ ሆናለች።»

«አንድ ያው አንድ ነው።»

«አንድ ሜትር ጨርቅና አንድ ጥቅልል ጨርቅ አንድ ናቸው?»

ጋሽ መቀስ ድምፃቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

«መምህር! እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን።»

አንገቴን በመጋረጃው አወጣሁ። ልጅቷ ሰው መኖሩን አታውቅም ነበርና ደነገጠች፤ ታች የሚታየውን ቀሚስ ስታይ ደግሞ ግራ ገባት። «ዚፕ ተበላሽቶብኝ ነው» አልኋት። ከዚያም «ሒሳብ ነው የማስተምረው፤ ስለ መድኃኒት የማውቀው የለኝም። ነገር ግን እኔም ልጠይቅ፤ አንዱን መጨመር እያለ ለምን ሌላ ይደረባል?» አልሁ።

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ቁጣዋ አልበረደም፤ ወደ ማስረዳት ግን ዞረ።

«ግፊት በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም የሚወጣው» አለች። «ደም ሥር ይጠብባል። ሰውነት ጨውና ውሃ ያጠራቅማል። ከኩላሊት የሚነሣ መልእክት ደግሞ ሁለቱንም ያባብሳል። አንዱን መንገድ ብቻ ሲዘጉበት ሰውነት በሌላው በኩል ግፊቱን መልሶ ሊያወጣው ይሞክራል። ስለዚህ የአንዱን መድኃኒት መጠን በእጥፍ ቢያሳድጉት ግፊቱ የሚወርደው ጥቂት ተጨማሪ ብቻ ነው፤ ጎጂ ጎኑ ግን በደንብ ይጨምራል። በሌላ መንገድ የሚሠራ ሁለተኛ መድኃኒት በአነስተኛ መጠን ሲታከልበት ግን ግፊቱ የበለጠ ይወርዳል። ሁለቱም በልክ ስለሚሰጡ ሰውየውን ብዙ አያስቸግሩትም። ጋሼ፣ እግርዎን ይመልከቱት።»

«እግሬ በእርጅና ነው ያበጠው።»

«የእርስዎ መድኃኒት ደም ሥር የሚያላላ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ እግር ያሳብጣል። ያበጠውም መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ነው፤ እትዬ ነግረውኛል።»

«ይችን ሴትዮ! የእግሬንም ዜና ታወራለች?»

ሳቄን ዋጥሁት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«አዲሱ የታዘዘልዎት ሁለቱን በአንድ ኪኒን የያዘ ነው። በቀን አንድ ጊዜ፣ አንድ ፍሬ። ያችኑ አንድ የሚሏትን ቁጥር እንኳ አልነካብዎትም።»

«እሱማ ነው የባሰው!» አሉ ጋሽ መቀስ ብድግ ብለው። «ቅልቅል! ዕድሜዬን የጨረስኩት ንጹሕ ጥጥ ነው እያሉ ናይለን የቀላቀለ ጨርቅ ከሚያመጡልኝ ነጋዴዎች ጋር ስጣላ ነው። አሁን ደግሞ ሆዴ ውስጥ ቅልቅል ላስገባ?»

«እነዚያ ነጋዴዎች ሌባ የሆኑት ቀላቅለው ስለሸጡ ሳይሆን ደብቀው ስለሸጡ ነው። ከናይለን ጋር መሆኑን ቢነግሩዎት ኖሮ ለሚሆነው ልብስ አይገዟቸውም ነበር? እዚህ ሁለቱም መድኃኒት ስሙም ልኩም ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ተጠንቶ፣ ተመዝኖ፣ በፋብሪካ የተሠራ ነው እንጂ እኔ ጓዳ ገብቼ በሙቀጫ የወቀጥኩት አይደለም።»

«እሺ፣ ቢያመኝስ?» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው ቀንሷል። «ሁለቱ ተያይዘው ገብተው ቢረብሹኝ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ለየብቻ ቢሆኑ አንዱን አስወጣለሁ። ተጣብቀው ሲመጡ ምን አደርጋለሁ?»

ልጅቷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ጥቂት አሰበች። ይህን ስላደረገች ይበልጥ አመንኋት።

«ይኼ ትክክለኛ ጥያቄ ነው» አለች። «የጥምር ኪኒን ጉድለቱ እሱ ነው። የአንዱን መጠን ለብቻ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስቸግራል። አንዱ ካልተስማማም ሐኪሙ ነጣጥሎ ወይ በሌላ ቀይሮ ማየት ይኖርበታል። ሁሉም ሰው ሁለት ይውሰድም አላልኩም። ግፊቱ ትንሽ ብቻ ከፍ ያለ፣ ወይም በጣም ያረጀና አቅም ያነሰው፣ ሲነሣ የሚያዞረው ሰው በአንድ ሊጀምር ይችላል። ይህን የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው፤ ለክቶ፣ ደም መርምሮ፣ ኩላሊት አይቶ። ወንድም አይወስንም፤ ጎረቤት አይወስንም፤ ሐኪሙን ሳላማክር እኔም ራሴ አልወስንም።»

«ደግሞ እኮ ምንም አያመኝም! ራሴን አያመኝ፣ ልቤን አያመኝ። ያላመመኝን ሰው ምን አድርግ ነው የምትይኝ?»

«አባዬንም አላመመውም ነበር» አለች። «በወደቀበት ቀን ጠዋት እየዘፈነ ነበር ሸሚዙን የተኮሰው።»

ጋሽ መቀስ የስፌት መኪናው ላይ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ የተናገሩት ነገር ክርክሩን ሁሉ ገለበጠው።

«ልጄ፣ አንቺ ያልገባሽ ነገር አለ። እኔ ይኼን ሁለተኛውን ከዋጥኩ፣ ወንድሜን የጣልኩት እኔ ነኝ ብዬ ማመኔ ነው። ‹ሁለት አያስፈልግም› ያልኩት ሰውዬ ዛሬ ሁለት እየዋጥኩ ዐይኑን በምን ዐይኔ ላየው ነው?»

ለካ እስካሁን የተከራከሩት ከልጅቷ ጋር አልነበረም። ቅልቅሉም፣ መርዙም፣ ኑዛዜውም መሸፈኛ ነበር። በራስ ላይ የሚሰጥ ፍርድ እንዳይሰማ ሰው ስንት ክርክር ይፈጥራል! አዘንሁላቸው፤ ንዴቴ ግን አልቀነሰም፤ እንዲያውም ባሰብኝ። የተሳሳተ ምክራቸው አንድ ወንድም አሰናክሏል። አሁን ያንን ላለማመን ሲሉ ሁለተኛውንም ወንድም፣ ራሳቸውን፣ ሊያጠፉ ነው።

ልጅቷ ወንበሯን ወደ እሳቸው አስጠጋች።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት» አለች። «አባዬ ሁለቱንም ቢውጥ ኖሮ ስትሮክ አይመታውም ነበር ብዬ ልምልልዎት አልችልም። ማንም ሊምል አይችልም። የመመታት ዕድሉ ግን ይቀንስ ነበር። እርስዎ ያንን ዕድል ነው የወሰዱበት። ተናድጄብዎታለሁ፤ አልዋሽዎትም፤ ገና እናደዳለሁ። ግን የተናደድኩበትን አጎቴን መቅበር አልፈልግም።»

በሩ ላይ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ታናሽየው ወንድም ደርሰዋል። ቀኝ እጃቸው ደረታቸው ላይ ታጥፎ ቀርቷል፤ አፋቸውም ወደ አንድ ጎን ተጎትቷል። ጋሽ መቀስ ተንደርድረው ወንበር አቀረቡላቸው፤ እሳቸው ግን አልተቀመጡም። የሰሙት ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም፤ የሰሙት ግን በቂ ነበር። ቃላቱ አንድ በአንድ፣ እየተጎተቱ ወጡ።

«ወንድም ጋሼ… እኔ… ልጅ አልነበርኩም። መጠየቅ… እችል ነበር። አልጠየቅኩም። ጥፋቱን… ለብቻህ… አትውሰደው።»

«ተው፣ አትድከም…»

«አልጨረስኩም!» አሉ፤ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት። «እኔ… አሁን… ሁለቱንም እውጣለሁ። አንተ… እኔን እያየህ… ትሰንፋለህ? አንተም… ስትወድቅ… ይኼን ሱቅ… ማን ሊይዘው ነው? ሁለት አልጋ… በአንድ ቤት? ልጄ… ሁለታችንን… ልታገላብጥ ነው?»

ይህን ያህል ለመናገር ላብ አጠመቃቸው። ጋሽ መቀስ ወንድማቸውን ደግፈው ሲያስቀምጡ እያለቀሱ ነበር። እኔም መጋረጃውን ዘግቼ ገባሁ፤ ቀሚስ አገልድሜ የሰው እንባ ማየት አሳፈረኝ።

ስወጣ (ዚፑን ልጅቷ ራሷ ነበረች ሰፍታ የጨረሰችው፤ የልብስ ሰፊ ልጅ ናታ) ጋሽ መቀስ እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ልጅቷ የግፊት መለኪያውን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ትንሽ ጸጥ ብለው ይቀመጡ፤ አይናገሩ።»

«እንዴት ነው የማልናገረው?»

«ጋሼ!»

«እሺ፣ እሺ። ዕድሜ ልኬን ሰው ስለካ ኖሬ ለመለካት መፍራቴ ደግሞ ይገርመኛል።»

ሁለት ጊዜ ለካቻቸው። የላይኛው ከመቶ ሰባ በላይ ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት «ትበቃኛለች» ያሏትን ኪኒን በዚያው ጠዋት እንኳ ውጠው። ቁጥሩን ራሳቸው አነበቡ። ከዚያም የአዝራር ሳጥናቸውን ከፈቱና ከሥሩ አዲሱን መድኃኒት፣ ማሸጊያው እንኳ ያልተነካውን፣ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አሁን ልዋጠው?»

«አሁንማ አይሆንም! የዛሬውን ጠዋት ውጠዋል። ከነገ ጀምሮ በአሮጌው ፋንታ አዲሱን ነው የሚወስዱት። ሁለቱን ደርበው እንዳይወስዱ! አሮጌው አዲሱ ውስጥ በአነስተኛ መጠን አለበት። ሐኪሙም ያዘዘው እንደዚያው ነው።»

«ታዲያ ይኼን ለምን ማንም አልነገረኝም?» ብለው ጮኹ ጋሽ መቀስ፤ አሁን ቁጣው የእሳቸው ሆነ። «ስንት ጊዜ ስመላለስ! ወረቀት ይሰጡኛል፣ ‹ቀጣይ› ይላሉ። ‹ቀየርንልህ› እንጂ ‹ለምን› የሚል የለም። ሰው በግ ነው? ነግረውኝ ቢሆን ወንድሜን እንዲህ እመክረው ነበር?»

ልጅቷ አንገቷን አቀረቀረች። «እውነትዎን ነው» አለች። «እኛም ጋ ጥፋት አለ። የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሰልፉ ሲበዛ እኔም ‹በቀን አንድ› ብዬ ብቻ የሸኘሁት ሰው አለ።»

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የማያውቅ ሰው ሲመክር እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን የሚያውቀው ዝም ሲል ነው እኮ የማያውቀው የሚናገረው። በሽተኛ ሁለተኛ መድኃኒት ሲታዘዝለት «ባሰብኝ ማለት ነው» ብሎ ደንግጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለት ዓረፍተ ነገር ያስረዳው ሰው ቢኖር ኖሮ ያ ድንጋጤ ባልኖረ ነበር።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጋሽ መቀስ ወንድማቸውን ይዘው ሄዱ። በኋላ ልጅቷ እንደነገረችኝ፣ ሐኪሙ «ቀጣይ» ሲል ከወንበሩ አልተነሡም። «እኔ ልብስ ስሰፋ ለደንበኛዬ የት ላይ እንደማጠብብና ለምን እንደማጠብብ እነግረዋለሁ፤ አንተም ንገረኝ» አሉት። ሐኪሙ መጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ አፈረ፤ ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ አስረዳቸው። ጨው እንዲቀንሱ፣ ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ፣ ደማቸውን በየጊዜው እንዲያስመረምሩ ነገራቸው።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አዲሱን ከጀመሩ በኋላ ደረቅ ሳል ያዛቸው። ያ «ጥፋተኛው የቱ ነው?» ያሉት ጥያቄ እውን ሆነ። ድሮ ቢሆን መድኃኒቱን ጥለው በሰፈሩ ያወሩ ነበር። አሁን ግን ሄደው ነገሩ። ከሁለቱ አንዱ ሳል እንደሚያመጣ የታወቀ ነበርና ሐኪሙ እሱን ብቻ በሌላ የተካ ሌላ ጥምር ኪኒን ሰጣቸው። ሳሉ ተዋቸው። የእግራቸው እብጠትም ጎደለ፤ ጫማቸውን ሙሉ በሙሉ አጥልቀው ሲሄዱ አይቻለሁ። ግፊታቸውም ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪሙ ወደሚፈልገው ልክ ወረደ።

የታናሽየው ቀኝ እጅ ግን አልተመለሰም። ከዘራ ሳይዙ ይሄዳሉ፤ ንግግራቸውም ተቃንቷል። በግራ እጃቸው ጠመኔ ይዘው ጨርቅ ላይ መስመር ያሰምራሉ፤ ታላቅየው ይቆርጡታል። መርፌ ግን አይይዙም። በዚያ ሱቅ ውስጥ ማንም ይህን አይረሳውም።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ አንድ መድኃኒት ይሻልሃል ወይስ ሁለት ብዬ አልነግርህም፤ ከነገርሁህ ያው የድሮው ጋሽ መቀስ መሆኔ ነው። የምነግርህ ይህን ነው። ሁለት ታዘዘልህ ማለት ልትሞት ነው ማለት አይደለም፤ በአነስተኛ መጠን፣ በሁለት በኩል፣ በተሻለ መንገድ ልትጠበቅ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። በአንድ ኪኒን ተጠቃልሎ ሲሰጥህም ለመርሳት አይመችም። ካልተስማማህ ተናገር፤ ለምን እንደታዘዘልህ ካልገባህ ከወንበሩ አትነሣ። ጎረቤትህ ስለ ኪኒንህ ሲመክርህ ግን አመስግነውና ወደ ሐኪምህ ሂድ።

ይህን ልጽፈው መሆኑን ለጋሽ መቀስ ስነግራቸው መቀሳቸውን አስቀመጡ። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር።

«ይጻፉት» አሉኝ። «ግን እንዳያሳምሩልኝ። ‹ተሳሳተ› ብለው እንዳያልፉኝ። ሰው ሁሉ ይሳሳታል፤ እሱን ቢያነብ ማንም አይደነግጥም። ‹ሳያውቅ አውቃለሁ አለ› ብለው ይጻፉ።»

እንዳሉኝ ጻፍሁት።